የመቀሌ አየርና የቮልስ ሞተር፦ ትልቅ ሁሉ ይሻላልን?

አሮጌ ቮልስ የገዛ ወይም ከአባቱ የወረሰ ሰው ሞተሩን አስወርዶ ለማሳደስ ሲነሣ ጋራዥ ውስጥ ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ሲሲ እናድርገው?» የሚል ነው። የሚሰጠው ምክርም የታወቀ ነው። «መቀሌ ደጋ ነው፤ ሞተር ይደክማል፤ ኪስህ እስከ ቻለ ድረስ ትልቁን አድርገው» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ምክር በፊዚክስ ሚዛን ላይ አስቀምጠን ልንመዝነው እንወዳለን። የምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሞተር ያቃጥላል፣ ገንዘብ ያባክናል፣ ቁልቁለት ላይም ከዚያ የከፋ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

አቋማችንን ከመነሻው እንግለጽ። በመቀሌና በአካባቢዋ ለሚነዳ ቮልስ ጣሪያው ፋብሪካው ራሱ የሠራው 1600 ሲሲ ነው እንላለን። ጤናማ 1200 ወይም 1300 ሞተር ያለውና መኪናውን በከተማ ውስጥ የሚጠቀም ሰው ደግሞ መጠን መለወጥ ጨርሶ አያስፈልገውም። ከ1600 በላይ መሄድ ችግሩን ከጉልበት ወደ ሙቀት ማዛወር እንጂ መፍታት አይደለም። ይህን ያልነው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ደረጃ በደረጃ እናሳያለን። አንባቢያችን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብቻ ነው።

ሲሲ ማለት ምን ማለት ነው?

«ሲሲ» ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ማለት ሲሆን፣ የሚለካውም ፒስተኖቹ ከላይ እስከ ታች ሲመላለሱ የሚጠርጉትን ጠቅላላ ይዘት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የሲሊንደሩን ዲያሜትር በራሱ እናባዛለን፤ ውጤቱን በ0.785፣ ቀጥሎ በፒስተኑ የምልልስ ርዝመት፣ በመጨረሻም በሲሊንደሮቹ ብዛት እናባዛለን። ለምሳሌ ያህል የመጨረሻው የቮልስ ሞተር የሲሊንደር ዲያሜትር 8.55 ሴንቲሜትር፣ የምልልሱ ርዝመት 6.9 ሴንቲሜትር፣ የሲሊንደሮቹ ብዛት 4 ነው። ይህም 1584 ሲሲ ይሰጠናል። በጋራዥ ቋንቋ «1600» የሚባለው ይኸው ነው።

ፋብሪካው ወደዚህ መጠን የደረሰው በአንድ ጊዜ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የወጣው ቮልስ 1131 ሲሲና 25 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ 1192 ሲሲ አደገ፤ ይህ «1200» ሞተር ከ1960 ጀምሮ 34 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በ1965 1285 ሲሲ ከ40 የፈረስ ጉልበት ጋር፣ በ1966 1493 ሲሲ ከ44 የፈረስ ጉልበት ጋር፣ በ1970 ደግሞ 1584 ሲሲ ከ50 የፈረስ ጉልበት ጋር መጡ። የመጨረሻው ቮልስ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን የሚበልጡ ተመርተዋል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፋብሪካው ለዚህ መኪና ከ1584 ሲሲ የሚበልጥ ሞተር አላወጣም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ እንዳልሆነ ከዚህ በታች እናያለን።

ዛሬ በገበያ ላይ 1641፣ 1776፣ 1835 እና 1915 ሲሲ የሚያደርሱ የፒስተንና የሲሊንደር ስብስቦች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የሚሰካው በነበረው ቀዳዳ ነው። ሌሎቹ ግን የሞተሩ አካልና ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገብተው ካልተሰፉ አይገጥሙም። ጥያቄያችንም የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ መቀሌ ላለ ሰው ይህ ሁሉ ድካም ምን ያስገኝለታል?

የጠፋው አምስተኛ እጅ

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ለስሌታችን 2,100 ሜትር እንውሰድ። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር ወደ 20 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ጉድለቱ ጥቂት ይጨምራል። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምልልስ የሚስበው ይዘት አልተለወጠም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን አንድ አምስተኛ ጎድሏል። ቤንዚን የሚቃጠለው በኦክስጅን ልክ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በፋብሪካ ወረቀት ላይ 34 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር መቀሌ ላይ 27 ያህል፣ 50 የተጻፈለት ደግሞ 40 ያህል ይሰጣል።

ይህን በሌላ መንገድ እንመልከተው። 1584ን በ0.8 ብናባዛ 1267 እናገኛለን። መቀሌ ላይ 1600 ሞተር የሚተነፍሰው አየር ምጽዋ ላይ 1300 ሞተር የሚተነፍሰውን ያህል ነው ማለት ነው። «ደጋ ላይ ሞተር ይደክማል» የሚለው አባባል ትክክል የሚሆነው በዚህ ላይ ነው። በባሕር ጠረፍ በ1300 የረካ ሰው መቀሌ ላይ ያንኑ ስሜት ለማግኘት 1600 ያስፈልገዋል። የምክሩ እውነተኛ ግማሽ ይህ ነው፤ እኛም 1600ን ጣሪያ ያደረግነው ስለዚሁ ነው።

ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል?

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥያቄ «ምን ያህል አጣን?» የሚለው ሳይሆን «ምን ያህል ያስፈልገናል?» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች የተሳፈሩበት ቮልስ ክብደቱ 950 ኪሎ ግራም ያህል ነው እንበል። በ100 ሜትር ጉዞ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወጣል። ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 10.4 ኪሎ ዋት፣ ወይም 14 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልጋል። የጎማ ሰበቃና የአየር ተቃውሞ ወደ 4 የፈረስ ጉልበት ይጨምራሉ። በማርሽና በአክስል ውስጥ የሚባክነውን ስንደምርበት ከሞተሩ የሚፈለገው 21 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሆናል።

በዚህ ፍጥነት በ3ኛ ማርሽ የሚሄድ ቮልስ ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚህ ዙር መቀሌ ላይ ባለ 34ቱ 1200 ሞተር 22፣ 1600 ሞተር ደግሞ 29 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሊሰጡ እንደሚችሉ ከመጠምዘዝ ኃይላቸው ማስላት ይቻላል። ውጤቱን ልብ ይሏል። 1200ው ዳገቱን ይወጣል፤ ነገር ግን ለመቅደም ወይም ሁለት ሰው ለመጨመር የሚተርፈው የለም። 1600ው ይወጣል፤ 8 የሚያህልም ይተርፈዋል።

ወደ ደቡብ አቅንተን የአምባ አላጀን መተላለፊያ ስንወጣ መንገዱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ይደርሳል። እዚያ ጉድለቱ ወደ 26 በመቶ ያድጋል፤ 1200ውም በ3ኛ ማርሽ አቅም ያንሰዋል። ይሁንና ሹፌሩ ወደ 2ኛ ማርሽ ወርዶ ፍጥነቱን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ የሚያስፈልገው 16 የፈረስ ጉልበት ብቻ ሲሆን፣ ሞተሩም በዚያ ዙር ከ20 በላይ ይሰጠዋል። ማርሽ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው ሞተር ከማስለወጡ በፊት ማርሽ በጊዜ መለወጥን ቢለማመድ ብዙ ብር ያተርፋል።

ከማስፋት በፊት ማስተካከል

ቮልስ «ደከመ» ሲባል ድካሙ በሙሉ ከከፍታው የመጣ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። አብዛኛው ካርቡሬተር ከፋብሪካ የወጣው ለቆላና ለወይና ደጋ አገር ተስተካክሎ ነው። ካርቡሬተር የሚያልፍበትን አየር መጠነ ቁስ አያውቅም፤ የሚያውቀው አየሩ ሲያልፍ የሚፈጥረውን የግፊት ልዩነት ነው። የአየሩ እፍግታ በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው በ10 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የቤንዚኑ ፍሰት የሚከተለው የእፍግታውን ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ ውሕዱ ከሚገባው በላይ ከ10 እስከ 12 በመቶ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጉልበት ይወድቃል፣ ቤንዚንም ይባክናል።

መድኃኒቱ ጂግለር የምንለው የቤንዚን መመጠኛ ቀዳዳ ነው። ቁጥሩ 125 የሆነ ጂግለር የቀዳዳው ዲያሜትር 1.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቀዳዳውን ስፋት በ10 በመቶ ለመቀነስ ዲያሜትሩን በ5 በመቶ መቀነስ ይበቃል፤ ይህም 120 ወይም 117.5 ቁጥር ያለው ጂግለር ማለት ነው። አዲስ ፒስተን ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ማስተካከያ የማቀጣጠያ ጊዜ ነው። የሳሳ አየር ያለበት ውሕድ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል ብልጭታው ጥቂት ዲግሪ ቀደም ቢል ይጠቅማል። ሦስተኛው ኮምፕሬሽን ነው። አሮጌው 1200 ሞተር ውሕዱን የሚጨምቀው ወደ 7 ለ1 በሚጠጋ ምጣኔ ነው። ደጋ ላይ የሲሊንደሩ ውስጣዊ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ የማንኳኳት አደጋው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ምጣኔውን ወደ 8 ለ1 ከፍ ማድረግ ይቻላል። የኦቶ ዑደት ቀመር እንደሚነግረን ከዚህ የሚገኘው ትርፍ 4 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ያለ ተጨማሪ ቤንዚን የተገኘ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግዴታችን ነው። ከመቀሌ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ በአብዓላ አድርጎ ወደ ደናክል ዝቅታ ያደርሳል፤ እዚያም መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ነው። ለመቀሌ የተስተካከለ ሞተር ወደዚያ ሲወርድ የሚስበው አየር ይበዛል፣ ቤንዚኑ ግን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ውሕድ ከአካባቢው ንዳድ ጋር ተደርቦ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ወደ ቆላ የሚመላለስ ሰው የቀድሞውን ጂግለር በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ይዞ ሊሄድና ብልጭታውንም ወደ ነበረበት ሊመልስ ይገባል።

ከፍታ ለሙቀት ይቅርታ አያደርግም

አሁን ወደ ክርክሩ እምብርት ደርሰናል። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ቺንጋ ከዲናሞው ጋር በሚያዞረው ቬንትሌተር ነው። ብዙዎች «መቀሌ ነፋሻ ከተማ ናት፤ ሞተሩም ደጋ ላይ ስለሚደክም አይግልም፤ ስለዚህ ብናሰፋው ምን ቸገረው?» ሲሉ እንሰማለን። ይህ አስተሳሰብ ግማሹን መንገድ ሄዶ የቆመ ነው።

ሞተሩ የሚስበው አየር በ20 በመቶ ሲሳሳ የሚፈጠረው ሙቀት በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቬንትሌተሩ የሚነፋው አየርም ያው የሳሳ አየር ነው። የሚነፋው ይዘት ባይለወጥም መጠነ ቁሱ በ20 በመቶ ስለሚቀንስ ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ ይወርዳል። ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ሞተርም መቀሌ ላይ በሰላም ይኖራል። ሚዛኑ የተጠበቀው ግን ሞተሩና ቬንትሌተሩ ለየብቻ ስላልተነኩ ነው።

አሁን 1915 ሲሲ እንግጠም። 1915ን ለ1584 ብናካፍል 1.21 ይሆናል። በተመሳሳይ ዙርና በሙሉ ነዳጅ የሚፈጠረው ሙቀት 21 በመቶ ጨመረ፤ ቬንትሌተሩ ግን ያው ነው። ጂኦሜትሪም አታግዘንም። ዲያሜትሩ ከ85.5 ወደ 94 ሚሊ ሜትር ሲያድግ የሲሊንደሩ ይዘት በ21 በመቶ ሲጨምር ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው የጎን ግድግዳ የሚጨምረው በ10 በመቶ ብቻ ነው። ይዘት በዲያሜትሩ ስኩዌር፣ ግድግዳ ደግሞ በዲያሜትሩ ልክ ስለሚያድግ ነው። ከፍታው ከሁለቱም ወገን እኩል ስለቀነሰ ከክርክሩ ወጥቷል፤ የቀረው ሞተሩን ያሰፋንበት 21 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ትርፍ ሙቀት ምጽዋም ላይ መቀሌም ላይ መውጫ ይፈልጋል።

«ቬንትሌተሩን እናፍጥነው» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። የዲናሞውን ፑሊ በማሳነስ ማፍጠን ይቻላል፤ ነገር ግን ቬንትሌተር የሚበላው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ እርከን ያድጋል። 10 በመቶ ብናፈጥነው 33 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይወስዳል። በአንድ እጅ የጨመርነውን በሌላው እንመልሳለን ማለት ነው።

ፋብሪካው ራሱ በ1600 ላይ የቆመው ሙቀቱ እየከበደው ስለመጣ ለመሆኑ ማስረጃው ሞተሩ ላይ ይታያል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከቬንትሌተሩ በሚወርደው የአየር መንገድ ላይ ተደንቅሮ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከበስተኋላው ያለው 3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ ይግል ነበር። በ1971 ሞዴል ላይ ማቀዝቀዣው ከመንገዱ ወጥቶ የራሱ የአየር ቦይ ተሠራለት። 1600 ለማድረግ የወሰነ ሰው ይህን የኋለኛውን ዓይነት ማቀዝቀዣ ከነቦዩ እንዲፈልግ አጥብቀን እንመክራለን። በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎችና ጎማዎችም አንድ ሳያጎድል ይመልስ። በጥገና ብዛት «አያስፈልጉም» ተብለው የተጣሉት እነዚያ ቆርቆሮዎች የጋለው አየር ተመልሶ ወደ ቬንትሌተሩ እንዳይገባ የሚከለክሉ ግድግዳዎች ናቸው።

የሚወጣው ሁሉ ይወርዳል

ስለ ሞተር የሚያወራ ሰው ስለ ዳገት ያወራል፤ ስለ ቁልቁለት የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደውን የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ እናስብ። ከላይ እስከ ታች የከፍታው ልዩነት 1,000 ሜትር ያህል ነው። 950 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዚህ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 9.3 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ 28 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ መቶ ዲግሪ እስኪደርስ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ኃይል የጎማ ሰበቃ፣ የአየር ተቃውሞና የሞተሩ መያዝ የሚወስዱት አለ፤ የቀረው ሁሉ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። የአብዛኞቹ አሮጌ ቮልሶች ፍሬን አራቱም እግር ላይ ታምቡር ሲሆን፣ የተሠራውም ለ34 ወይም ለ40 የፈረስ ጉልበት ፍጥነት ነው። ሞተር ጉልበት ሲጨመርለት ሹፌሩ ወደ ቁልቁለቱ አፍ የሚደርስበት ፍጥነት ይጨምራል። የሚታገለው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል።

የተቀሩት ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። በ1200ና በ1300 ሞተሮች ላይ ያለው ፍሪሲዮን 180 ሚሊ ሜትር፣ በ1500ና በ1600 ላይ ያለው 200 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 6 ቮልት የሆኑት ቀደምት ቮልሶች ፍላይዊል 109 ጥርስ ሲኖረው የባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው፤ ዲያሜትሩም ስለሚበልጥ አሮጌው የማርሽ ሳጥን ካልተፋቀ አይገባም። «ፒስተን ብቻ ነው የምቀይረው» ብሎ የጀመረ ሰው ፍሪሲዮን፣ ፍላይዊል፣ ማስነሻ ሞተርና ፍሬን ጨምሮ ራሱን ያገኘዋል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው። ለትልቁ ፒስተን የታሰበው ገንዘብ ቀድሞ ለፍሬን ጫማ፣ ለፍሬን ቧንቧና ለጎማ ቢውል ለባለቤቱም ለመንገደኛውም ይበጃል።

ሲሲ ለምን ማዕረግ ሆነ?

ነገሩ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ሰው ለምን ትልቁን ይመኛል? በአገራችን ሲሲ የሞተር መጠን ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የቤት መኪኖችን በሞተር መጠን ከፍሎ እስከ 1300 ሲሲ ያለውን 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ያለውን 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ ያለውን 100 በመቶ ታክስ አስከፈለ። የ2012ቱ አዋጅም ታክሱን ቢለውጥም 1300ና 1800 ላይ ያሉትን ድንበሮች ጠበቀ። በዚህ መልክ «ሲሲው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለውን ደርቦ ይዞ መጣ። ታክስ ሰብሳቢው የሚለካው ግን የብረቱን ይዘት ነው፤ ሞተሩ የሚኖረው በሚተነፍሰው አየር ነው። ሁለቱን ማምታታት የለብንም።

የትግራይ ሰው ነዳጅ ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ነዳጅ ወደ ክልሉ መግባቱ ተቋርጦ መኪኖች በየደጁ ቆመው ሕዝቡ በእግርና በጋሪ ኖሯል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆነ። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ የቤንዚን መኪኖች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። የምናድሳቸውም ረጅም ዕድሜና ጥቂት ቤንዚን እንዲኖራቸው እንጂ ለአንድ ክረምት ፉክክር ሊሆን አይገባም።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎችን ማስተናገድ ተገቢ ነው። አንደኛው «ትልቅ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ አይለፋም፤ ዕድሜውም ይረዝማል» የሚል ነው። ይህ እስከ 1600 ድረስ ትክክል ነው፤ ከከተማ ውጭ ለሚመላለስ ሰው ከ1200 ይልቅ 1600ን የምንመርጠውም ለዚሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን በዙር የተቆጠበው በሙቀትና በሳሳ ግድግዳ ይከፈላል። ሁለተኛው «የቶዮታ ሞተር ብንገጥምስ?» የሚል ነው። በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ራዲያተር፣ የውኃ መስመርና የክብደት ለውጥ ያስከትላል። መቀሌ ላይ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ በመሆኑም የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ብዙም አይሄድም። ሴይቼንቶ የሚባሉትን ትንንሽ ፊያቶች የሚያድሱ ሰዎች ይህን በሚገባ ሊያስቡበት ይገባል። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሚመዘገብ መሆኑም አይዘንጋ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ «ለምን ኤሌክትሪክ አናደርገውም?» የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል የከፍታው ጉድለት አይነካውም፤ አላጀ ላይም ምጽዋም ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ባትሪው ኪስን የማይጎዳበት ቀን ሲመጣ ከላይ የጻፍነው ሁሉ ወደ ታሪክ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ግን የቤንዚን ሞተሩን በአግባቡ መያዝ አለብን።

ለክተን እንወስን

ወጣት አንባቢያን ይህን ሁሉ በእኛ ቃል ብቻ እንዲያምኑ አንሻም። በኪሎ ግራም፣ በሜትርና በሰከንድ የሞተርን ጉልበት መለካት ይቻላል። ከመቀሌ መሐል ከተማ ወደ እንዳየሱስ እንደሚያስወጣው ያለ ዳገት ይመረጥ። የመኪናው ክብደት ከነተሳፋሪው ይታወቅ፤ የመነሻውና የመድረሻው ከፍታ ልዩነት በካርታ ወይም በስልክ ይለካ። ጭር ባለ ሰዓት፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ሳይታለፍ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ተወጥቶ ሰከንዱ ይያዝ። ክብደቱን በ9.81ና በከፍታው ልዩነት አባዝቶ ለሰከንዱ ማካፈል ነው። ለምሳሌ 950 ኪሎ ግራም መኪና 60 ሜትር ከፍታ በ50 ሰከንድ ቢወጣ ዳገቱ ብቻ የጠየቀው 11.2 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 15 የፈረስ ጉልበት ነው።

ይህ ልኬት ሦስት ጊዜ ይደገም፦ መኪናው እንዳለ፣ ጂግለሩና ማቀጣጠያው ከተስተካከለ በኋላ፣ በመጨረሻም ፋሻው ተቀይሮ ኮምፕሬሽኑ ከተመለሰ በኋላ። በየጊዜው የተገኘው ቁጥር በደብተር ይጻፍ። ጎደለ የተባለው ጉልበት ምን ያህሉ የአየሩ፣ ምን ያህሉ የቸልተኝነት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይለያል። ከዚህ በኋላም ቁጥሩ አነሰኝ የሚል ሰው 1600ን ከነዘይት ማቀዝቀዣው፣ ከነቆርቆሮው፣ ከ200 ሚሊ ሜትር ፍሪሲዮንና ከታደሰ ፍሬን ጋር ይግጠም፤ ከእኛም ተቃውሞ አይገጥመውም። ከዚያ በላይ የሚል ካለ ግን ትርፉን 21 በመቶ ሙቀት በየት በኩል እንደሚያስወጣው አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያሳየን።